ለዓመታት ከአንድ ነጥብ ፎቶ ማንሳት፦ ቦረቦርንና የሐይቅ ዳርቻን በማስረጃነት መከታተል

አፈርና_ውኃ

ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ተዳፋት ላይ በየዓመቱ እየሰፋ የሚሄድ ቦረቦር አለ፤ ከግርጌው ደግሞ ጎርፉ ደለሉን የሚያራግፍበት ትንሽ ሐይቅ። ሁለቱንም ቢያንስ ለ5 ዓመት በፎቶ ልንከታተል አስበናል። የምንፈልገው የሚያምር ፎቶ አይደለም። የመጀመሪያውና የመጨረሻው ጎን ለጎን ሲቀመጡ «መሬቱ ይህን ያህል ተቆርሷል፣ ውኃው ይህን ያህል ሸሽቷል» ብሎ አፍ ሞልቶ ለመናገር የሚያበቃ ማስረጃ ነው።

ያለን ፉል ፍሬም ካሜራ፣ ከ24 እስከ 70 ሚሜ ዙም ሌንስ፣ ትራይፖድና ፖላራይዘር ፊልተር (ነጸብራቅ የሚቀንስ የሌንስ ማጣሪያ) ነው። ካሜራው በማይገኝበት ጊዜ በስልክ የሚያነሱ ሁለት ሰዎችም አሉ። ከብዙ ዓመት በፊት ያንኑ ተዳፋት የሚያሳይ ጥቁርና ነጭ ፎቶም ተገኝቷል፤ ከየት ሆኖ እንደተነሳ ግን አይታወቅም።

ለሙከራ በወር ልዩነት የተነሱ ሁለት ፎቶዎች ሲደራረቡ አልገጠሙም። ከፊት ያለው ድንጋይ ቦታውን የቀየረ ይመስላል፤ የሣሩም ቀለም ፍጹም ሌላ ሆኗል። ነጥቡ የተመዘገበው በስልክ ጂፒኤስ ነበር። ስህተታችን የቱ ላይ ነው? በዙም ሌንስስ መሥራት ይቻላል? ፖላራይዘሩን እንጠቀም ወይስ እንተወው? ልምዱ ያላችሁ በዝርዝር ብትነግሩን።

ቋሚ_ነጥብ

ስህተቱ ከጂፒኤሱ ይጀምራል። የስልክ ጂፒኤስ ሰማዩ ወለል ብሎ በሚታይበት ቦታ እንኳ ከ3 እስከ 5 ሜትር ሊስት ይችላል፤ ገደል ጥግ ወይም ዛፍ ሥር ሲሆን ከዚያም ይብሳል። መዘዙን ለማየት ይህን አስሉት፦ በ35 ሚሜ ሌንስ ስታነሱ ካሜራው 30 ሳንቲ ሜትር ብቻ ወደ ጎን ቢል፣ 5 ሜትር ላይ ያለ ድንጋይ ፎቶው ላይ የወርዱን 6 በመቶ ያህል ይንሸራተታል። ከኋላ ያለው ተራራ ግን ንቅንቅ አይልም። ድንጋያችሁ ባለበት ነው ያለው፤ ቦታ የቀየረው ካሜራው ነው።

ጂፒኤሱን ወደ አካባቢው ለመድረስ ብቻ ተጠቀሙበት። ነጥቡን መሬት ላይ በ60 ሳንቲ ሜትር ፌሮ አስሩት። ፌሮውን አናቱ ከመሬት ጋር እኩል እስኪሆን ምቱት፤ ጎልቶ ከታየ ይነቀላል፣ እግርም ይጎዳል። አለት ካለማ ትንሽ የቀለም ነጥብ ይበቃል። ነጥቡን ከቦረቦሩ አናት በላይ አታድርጉት፤ ቦረቦር የሚያድገው በአናቱ በኩል ወደ ዳገቱ ስለሆነ በአንድ የዝናብ ወቅት ችካላችሁን ከነአፈሩ ይዞት ሊወርድ ይችላል። ከማዶ ወይም ከጎን፣ ከአፋፉ ራቅ ብሎ ጠንካራ መሬት ፈልጉ።

ከዚያ ምስክር አቁሙለት። ከችካሉ እስከ ሦስት የማይንቀሳቀሱ ነገሮች (ትልቅ ቋጥኝ፣ የግንብ ማዕዘን የመሳሰለው) ያለውን ርቀት በሜትር ለክታችሁ ጻፉ። ችካሉ ቢጠፋ ሦስቱ ርቀቶች የሚገናኙበት ላይ መልሳችሁ ታገኙታላችሁ። ዛፍን ምስክር አታድርጉ፤ ይወፍራል፣ ይቆረጣል።

ካሜራውን በነጥቡ ላይ ለማቆም ከትራይፖዱ ራስ ሥር ቱምቢ አንጠልጥሉና ጫፉ ችካሉ ላይ ይረፍ። የሌንሱ መሃል 1.5 ሜትር ከፍ ይበል፤ ይህ ግን የሚለካው ከችካሉ አናት እንጂ ከአፈሩ አይደለም። አፈሩ ራሱ ሊጠረግ ወይም ደለል ሊጫንበት ይችላል፤ ያኔ «1.5 ሜትር» ያላችሁት ሳታውቁት 1.4 ወይም 1.6 ይሆናል። ካሜራውን በውኃ ልክ አስተካክሉ፣ አቅጣጫውን በኮምፓስ ያዙና በዲግሪ መዝግቡ። ኮምፓሱን ከትራይፖዱ ብረት ሁለት ሜትር ያህል ራቅ አድርጋችሁ አንብቡ።

ዙም ሌንሱ ይሠራል፣ ግን መሃሉ ላይ አትቁሙ። «35» የሚለው ምልክት ላይ አምና ያቆማችሁት ቀለበት ዘንድሮ እዚያው አይቆምም። የሚታመነው እስከ መጨረሻው ሲዞርና ሲነክስ፣ ማለት 24 ላይ ወይም 70 ላይ ነው። ለእናንተ 24ን እመርጣለሁ። አፐርቸሩ ኤፍ 8፣ አይኤስኦ 100፣ ፎከሱ በእጅ 2.4 ሜትር ላይ፦ በዚህ ከ1.2 ሜትር ጀምሮ እስከ አድማስ ጥርት ይላል። የፎከሱ ርቀት በየጊዜው አንድ መሆን አለበት፤ ብዙ ሌንሶች ፎከሳቸው ሲቀየር የሚያሳዩት ስፋት ትንሽ ይጠብባል ወይም ይሰፋል። ትራይፖድ ላይ ሲሆን የንዝረት ማረጋጊያውን አጥፉት። ፋይሉ ሮው (ካሜራው ያላቀነባበረው ጥሬ ፋይል) ይሁን።

በየጉዞው ያለፈውን ፎቶ በትልቁ አሳትማችሁ ያዙ። ማንሳት ከመጀመራችሁ በፊት የፎቶው አራት ማዕዘኖች ላይ ምን እንዳለ እያያችሁ ከስክሪኑ ጋር አመሳክሩ። ብዙ ሰው መሃሉን ብቻ አይቶ ያነሳል፤ ስህተቱ የሚታየው ግን ጠርዙ ላይ ነው።

ጥላና_ብርሃን

ቋሚ_ነጥብ የቦታውን ጨርሶታል፤ እኔ ስለ ጊዜው ልጨምር። የሣሩ ቀለም የተለወጠባችሁ በካሜራ ጥፋት ላይሆን ይችላል። ዝናብ ከጣለ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ራቁቱን የነበረ መሬት አረንጓዴ ሊለብስ ይችላል። አንዱ ፎቶ በደረቅ ወቅት፣ ሌላው ከዝናብ በኋላ ተነስቶ «አካባቢው አገገመ» ወይም «ጠፋ» ተብሎ የቀረበ ስንት ጥንድ ፎቶ አለ! በዚህ ሥራ ውስጥ በጣም የተለመደውና በጣም የሚያሳፍረው ስህተት ይሄ ነው።

ስለዚህ ሁለት የተለያዩ ተከታታይ ፎቶዎች ይኑሯችሁ። አንደኛው በደረቁ ወቅት ማብቂያ፣ መሬቱ ተራቁቶ የቦረቦሩ ግድግዳ በደንብ በሚታይበት ጊዜ፤ ሁለተኛው ዝናቡ እንዳበቃ፣ ዕፅዋቱ ጫፍ በደረሰበት ጊዜ። የመጀመሪያው ስለ አፈሩ፣ ሁለተኛው ስለ ልባሱ ይናገራል። ሁለቱን እርስ በርስ አታወዳድሩ። ከቀኑ ጋር የመጨረሻው ዝናብ ከጣለ ስንት ቀን እንደሆነም ጻፉ፤ ከዓመታት በኋላ ይህችን አንድ መስመር አጥብቃችሁ ትፈልጓታላችሁ።

ሰዓቱንም ጠብቁ። ፀሐይ በሰዓት 15 ዲግሪ ትሄዳለች፤ የአንድ ሰዓት ልዩነት የግድግዳውን ግማሽ ጥላ ውስጥ ሊከተው ይችላል። ጥላ የዋጠው ጎድጓድ ፎቶ ላይ ከእውነቱ የጠለቀ ይመስላል። ከተቻለ በስስ ደመና አንሱ። ካልሆነ ፀሐይዋ የምታነሱትን ግድግዳ በምትመታበት ሰዓት፣ ከአምናው ቢበዛ 15 ደቂቃ ወዲህና ወዲያ።

ዋይት ባላንሱን (የቀለም ሚዛኑን) አውቶማቲክ ላይ አትተዉት። 5200 ኬልቪን ላይ እሰሩትና በየጉዞው የመጀመሪያውን ፎቶ 18 በመቶ ግራጫ ካርድ ፊት ለፊት አስቀምጣችሁ አንሱ። ሻተሩ በየዓመቱ አንድ ቁጥር መሆን የለበትም፤ ብርሃኑ ይለያያልና። አንድ መሆን ያለበት ካርዱ ሂስቶግራሙ (ካሜራው የብርሃኑን ስርጭት የሚያሳይበት ግራፍ) ላይ የሚያርፍበት ቦታ ነው።

በኤዲቲንግ ጊዜ ጭጋግ የሚገፈውንና ቀለም የሚያደምቀውን መሳሪያ አትንኩ። ጭሱና አቧራው ራሱ መረጃ ነው፤ አምና የገፈፋችሁትን ጭጋግ ዘንድሮ ካልገፈፋችሁት አየሩ የተበላሸ ይመስላል። የጎደለ ዝርዝር እየፈጠረ የሚሞላ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠራ ማጥሪያም ለዚህ ሥራ ጨርሶ አይሆንም።

ድሮና_ዘንድሮ

ስለ ጥቁርና ነጩ ፎቶ። ይህ ነገር አዲስ አይደለም፤ ሴባስቲያን ፊንስተርቫልደር የተባለው ጀርመናዊ የሒሳብ ሊቅ በአልፕስ ተራሮች የበረዶ ግግሮችን በዚህ መንገድ መከታተል የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ መጨረሻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 ደግሞ ማርክ ክሌትና ባልደረቦቹ በአሜሪካ ምዕራብ ከመቶ ዓመት በፊት ፎቶ የተነሱ ቦታዎችን ነጥባቸውን እየፈለጉ ዳግም ማንሳት ጀመሩ። በዚያ ሥራ ነው ቲሞቲ ኦሳሊቫን እ.ኤ.አ. በ1869 ያነሳው አንድ የቋጥኝ ፎቶ ካሜራው ዘሞ የተነሳ መሆኑ የተደረሰበት። ነጥቡ ላይ ቆሞ ዳግም ያላነሳ ሰው ያንን ሊያውቅ አይችልም ነበር። የእናንተም አሮጌ ፎቶ እውነት ብቻ ይናገራል ብላችሁ አትነሱ።

ነጥቡን ለማግኘት እንዲህ አድርጉ። ፎቶው ላይ ዛሬም ያሉ ነገሮችን ለዩ፦ የተራራ ጫፍ፣ ቋጥኝ፣ የገደል ጠርዝ። ቀጥሎ ከግራ በኩል አንድ ቅርብና አንድ ሩቅ ነገር ጥንድ አድርጉ፤ ለምሳሌ የቋጥኙ ቀኝ ጠርዝ ከተራራው ጫፍ ትክክል በታች ሲውል። ወደ ግራና ቀኝ እየተራመዳችሁ ይህ ጥንድ ሲገጥም፣ ትክክለኛው ነጥብ በምትቆሙበት መስመር ላይ የሆነ ቦታ አለ ማለት ነው። አሁን በቀኝ በኩል ሌላ ጥንድ ያዙ። ሁለቱ መስመሮች የሚቆራረጡበት ቦታ ነጥባችሁ ነው።

የመጨረሻዋን ግማሽ ሜትር የምታጠሩት በማስመሪያ ነው። አሮጌው ህትመት ላይ በአንድ አግድም መስመር ሦስት ነገሮች ምረጡ፤ በተለይ መሃለኛው ቅርብ፣ የዳርና የዳሩ ሩቅ ቢሆኑ ጥሩ ነው። ከመጀመሪያው እስከ መሃለኛው ያለውን በሚሊ ሜትር ለኩ፣ ከመሃለኛው እስከ ሦስተኛው ያለውንም ለኩ፣ አንዱን ለሌላው አካፍሉ። እዚያው ቆማችሁ የምታነሱት አዲስ ፎቶ ላይ ያው ስሌት ያው ውጤት መስጠት አለበት። የዚህ ዘዴ ውበቱ የድሮው ሌንስ ስንት ሚሊ ሜትር እንደነበር ማወቅ አለማስፈለጉ ነው፤ ሌንስ ሁሉንም እኩል ያጎላል፣ ንጽጽሩን የሚቀይረው የቆማችሁበት ቦታ ብቻ ነው። ሲያበቃ ፎቶውን ከርክማችሁ ታገጥሙታላችሁ።

የፀሐዩንም ሰዓት ከጥላው አቅጣጫ መገመት ይቻላል። ፀሐይ በዓመት ሁለት ቀን አንድ ዓይነት መንገድ እንደምትሄድ ግን አትርሱ፦ ረጅሙ ወይም አጭሩ ቀን ከመድረሱ 40 ቀን በፊትና ካለፈ 40 ቀን በኋላ ጥላው አንድ ነው፤ ዕፅዋቱ ግን አንድ አይደለም። ከሁለቱ ቀኖች የትኛው እንደሆነ ቅጠሉን አይታችሁ ወስኑ።

ውኃ_ልክ

ፎቶ ብቻውን መጠን አይናገርም፤ ልኬት አስገቡበት። 2 ሜትር ዘንግ በየ20 ሳንቲ ሜትሩ ቀይና ነጭ ቀቡና ግድግዳው ሥር ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙ። አንድ ፎቶ ከዘንግ ጋር፣ አንድ ያለ ዘንግ። ሰው እንደ መለኪያ ማቆም የተለመደ ነው፤ የሰው ቁመት ግን ከሰው ሰው ይለያያል፣ አቋሙም ይወላገዳል።

በቅርብ የሚነሳ አንድ ነገር ልጠቁማችሁ፤ እኔ ከሰፊው ፎቶ ይልቅ የማምነው ይህን ነው። ቦረቦሩ አፋፍ ላይ ሥሩ የተራቆተ ዛፍ ካለ ግንዱን ዝቅ ብላችሁ እዩት። ድሮ አፈር የደረሰበት ቦታ ላይ ግንዱ ወደ ሥር መለወጥ ይጀምራል፦ ቅርፊቱ ይቀየራል፣ ጎኑ ሰፍቶ ይዘረጋል። ከዚያ ምልክት ጀምሮ አሁን ያለው አፈር ድረስ ቁልቁል ለኩ። 45 ሳንቲ ሜትር ከሆነ፣ ዛፉ ከበቀለ ወዲህ ቢያንስ በዚያች ቦታ ይህን ያህል አፈር ሄዷል ማለት ነው። ሜትሩን ከጎኑ ዘርግታችሁ፣ ካሜራውን ወደ ታች ሳታዘነብሉ በአግድም ፊት ለፊት እንዲያይ አድርጋችሁ፣ በ50 ወይም በ70 ሚሜ አንሱት። በ24 ሚሜ ተጠግቶ ማንሳት አይሆንም፤ ከታች ያለውን ያሳጥራል፣ ከላይ ያለውን ይለጥጣል። የሥሩ የራሱ ውፍረት ከዓመት ዓመት እንደሚጨምርም ከግምት አስገቡ፤ ስለዚህ ከሥሩ ላይኛ ገጽ ሳይሆን ከዚያ ከግንዱ ምልክት ነው የሚለካው።

የተቆረሰውን መጠን በሜትር ኩብ ማወቅ ከፈለጋችሁ በፎቶዎች ሦስት አውታር ሞዴል መሥራት ይቻላል። በሁለቱም አፋፍ እየሄዳችሁ እያንዳንዱ ፎቶ ቀድሞ ከነበረው ጋር 80 በመቶ፣ ከጎን ካለው ረድፍ ጋር 60 በመቶ እንዲደራረብ አንሱ። ዙሙም ፎከሱም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አይነካ። ቢያንስ 5 ምልክት ያላቸው ነጥቦች መሬቱ ላይ ዘርግታችሁ በመካከላቸው ያለውን ርቀት ለኩ፤ ከነሱ ውጭ ሞዴሉ ቅርጽ እንጂ ልክ አይኖረውም። ሞዴሉ የሚበላሸው ብዙ ጊዜ በሁለት ነገር ነው፦ ጥላው በሥራው መሃል ሲዞርና ነፋስ ሣሩን ሲያወዛውዘው። ደመናማና ነፋስ የሌለበት ቀን ምረጡ።

ማሳሰቢያ፦ የቦረቦር አፋፍ ብዙ ጊዜ ከሥሩ ተቦርቡሮ ከላይ ብቻ የቀረ ነው። ከጠርዙ ጋር ትይዩ የሆነ ስንጥቅ ካያችሁ ከስንጥቁ ወዲህ ሁኑ። ዝናብ በጣለ ማግስት ቢያንስ 2 ሜትር ራቁ።

ደግሞም ቁስሉን ብቻ አታንሱ። ወደ ዳገቱ ውጡና ውኃው ከየት ተሰብስቦ እንደመጣ አንሱ። ከመንገድ ሥር የወጣ የውኃ ማሳለፊያ ቱቦ፣ ከብት የረገጠው መውረጃ፣ ቁልቁል የታረሰ ማሳ፣ የፈረሰ እርከን። በሰፊው መሬት ላይ ተበትኖ ይወርድ የነበረን ጎርፍ አንድ ቱቦ ሰብስቦ ሲተፋው ቦረቦር ይወለዳል። ያንን የማያሳይ ፎቶ ሐዘን እንጂ መፍትሔ አያመጣም።

የሐይቅ_ዳር

ለሐይቁ መጀመሪያ የቁጥር ዘንግ ትከሉ። በየሳንቲ ሜትሩ ምልክትና ቁጥር የተጻፈበት ሰሌዳ ከማይነቃነቅ ነገር ጋር ታስሮ፣ ከፎቶ ነጥባችሁ የሚነበብ። ምክንያቱ ይሄ ነው፦ ዳርቻው ለጥ ያለ ከሆነና ዝቅታው 1 በመቶ ከሆነ፣ ውኃው 10 ሳንቲ ሜትር ብቻ ሲወርድ ዳሩ 10 ሜትር ይሸሻል። ፎቶው ላይ ሐይቁ የደረቀ ይመስላል፤ የጠፋው ውኃ ግን የአንድ ስንዝር ግማሽ ጥልቀት ነው። ገደላማ ዳርቻ ላይ ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል፤ አንድ ሜትር ወርዶም ዓይን ላይታየው ይችላል።

ፖላራይዘር የሚጠቅመው እዚህ ነው። የውኃውን ነጸብራቅ በደንብ የሚያጠፋው ሌንሱ ከአግድም 37 ዲግሪ ያህል ወደ ታች ሲያይ ነው፤ ያኔ ከሥር ያለው ደለል፣ አልጌና ፕላስቲክ ፍንትው ይላል። ለቅርብ ፎቶ ተጠቀሙበት። ለተከታታዩ ሰፊ ፎቶ ግን አውልቁት። በ24 ሚሜ ሰማዩን እኩል አያጠቁረውም፣ መሃሉ ላይ ጥቁር ሰማያዊ ቀበቶ ይሠራል፤ ያም ከፀሐይዋ አቀማመጥ ጋር ይቀያየራል። ከዚህም በላይ ከ1.5 እስከ 2 ስቶፕ ብርሃን ይወስዳል (አንድ ስቶፕ ማለት ብርሃኑ በግማሽ መቀነሱ ነው)። ከነፊልተሩ የተነሳ ውኃና ያለፊልተር የተነሳ ውኃ ሲነጻጸሩ አንዱ ንጹሕ ሌላው የደፈረሰ ይመስላሉ፤ ውኃው ግን ያው ነው።

ከካሜራችሁ በፊት የነበሩትን ዓመታት ከፈለጋችሁ ሳተላይት አለ። ላንድሳት ከ1972 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ምድርን እያነሳ ነው፤ ከ1982 ወዲህ ያሉት በ30 ሜትር ፒክስል ይገኛሉ፤ ማኅደሩም በ2008 ለማንም በነጻ ተከፍቷል። ሴንቲኔል 2 ከ2015 ወዲህ በ10 ሜትር ፒክስል ያነሳል። ለትንሽ ሐይቅ ሁለተኛው ይሻላል፤ ቦረቦራችሁ ግን ስፋቱ ጥቂት ሜትር ከሆነ በሁለቱም አይታይም። እዚያ ላይ የመሬቱን ፎቶ የሚተካ የለም።

አፈርና_ውኃ

እጅግ እናመሰግናለን። ሁለት ነገር ቀረን። በስልክ የሚያነሱት ሰዎች ምን ይጠንቀቁ? ደግሞ ሐይቁ ዳር የሚያርፉ ወፎችና በማዶ ያለው የፋብሪካ ጭስ ማውጫ በአንድ ፎቶ ቢገቡ መልእክቱን ያጠናክራል የሚል ሐሳብ ቀርቧል። ይህ ማጋነን ይሆን?

ሜዳ_ፎቶ

ስልኩ ይሠራል፤ አስቸጋሪው ስልኩ በራሱ የሚወስነው ነገር ነው። ዋናውን ሌንስ ብቻ ተጠቀሙ፣ በጣት ዙም አታድርጉ፤ ብርሃን ሲቀንስ ወይም ስትጠጉ ሳይነግራችሁ ወደ ሌላ ሌንስ የሚቀያየርበትን ቅንብር ዝጉት። ኤችዲአርን (በርካታ ፎቶዎችን አዋህዶ ብርሃንና ጥላን የሚያመጣጥነውን) እና የውበት ማጣሪያውን አጥፉ። ስክሪኑን ተጭናችሁ በመያዝ ፎከሱንና ብርሃኑን ቆልፉ። ሮው የሚያነሳ መተግበሪያ ካለ በሱ አንሱ። ከሁሉ የሚበልጠው ስልኩ የሚደገፍበት ነገር ነው፦ በነጥቡ ላይ እንጨት ተክላችሁ አናቱ ላይ የስልኩ ጎን የሚቀመጥበት ጥግ ብታበጁ ማንም ሰው መጥቶ ያንኑ ፎቶ ያነሳል። የስልኩንና የካሜራውን ፎቶዎች ግን በአንድ ተከታታይ አትቀላቅሉ፤ የየራሳቸው መዝገብ ይኑራቸው።

የወፎቹን ጉዳይ በቁጥር ልመልስ። 1 ሜትር ቁመት ያለው ወፍ 10 ሜትር ላይ ቆሟል፤ ከወፉ 1 ኪሎ ሜትር ወዲያ 50 ሜትር የሚረዝም ጭስ ማውጫ አለ። ከዚያ ካነሳችሁት ጭስ ማውጫው የወፉን ግማሽ ያህል ሆኖ ይታያል። ከወፉ 100 ሜትር ርቃችሁ በረጅም ሌንስ ካነሳችሁት ደግሞ ከወፉ አራት እጥፍ ተኩል ይረዝማል፣ አናቱ ላይ የተጫነበት ይመስላል። ሁለቱም ያልተነካኩ ፎቶዎች ናቸው። ሁለተኛውን ማቅረብ ክልክል አይደለም፣ ግን ከሥሩ «ጭስ ማውጫው ከወፉ 1 ኪሎ ሜትር ይርቃል» ብላችሁ ጻፉ፤ ከጎኑም ያንኑ ቦታ በ24 ሚሜ አሳዩ። እውነቱን ሌላ ሰው ካርታ ገልጦ ከደረሰበት የአምስት ዓመቱ ሥራ ሁሉ ከዚያ ፎቶ ጋር ይወድቃል።

በዚህ ረገድ ጥሩ ምሳሌ ክሪስ ጆርዳን ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ሚድዌይ በተባለችው የፓስፊክ ደሴት ሆዳቸው በፕላስቲክ የተሞላ የአልባትሮስ ጫጩቶችን ሬሳ ሲያነሳ፣ አንዲትም ፕላስቲክ ከቦታዋ እንዳላነቃነቀ በግልጽ አሳወቀ። የጠርሙስ ክዳኑ የላባው መሃል ያለው ወፏ ስለዋጠችው ነው፤ ኃይሉም ከዚያ ነው የሚመጣው። እናንተም ዳርቻው ላይ ያለውን ቆሻሻ አትሰብስቡ፣ አታስተካክሉ፣ ወደ ፎቶው አታቅርቡ። ማጽዳት ከፈለጋችሁ ከፎቶው በኋላ አጽዱና መጽዳቱን መዝግቡ፤ አለበለዚያ በሚቀጥለው ጊዜ «ቆሻሻው ቀነሰ» ትላላችሁ።

መግለጫ ስትጽፉ የታየውንና የተገመተውን ለዩ። «አፋፉ ከምስክሩ ቋጥኝ 14 ሜትር ይርቅ ነበር፣ አሁን 11.5 ነው» የታየ ነው። «ደኑ ስለተመነጠረ ነው» ግን ፎቶው የማያውቀው ነገር ነው፤ የዝናቡ መጠን፣ ውኃ_ልክ ያነሳው ቱቦ፣ የእርሻው አስተራረስ ሁሉ መታየት አለባቸው።

ወፎቹን በተመለከተ፦ አንገታቸውን ቀና አድርገው መመገብ ካቆሙ ቀርባችኋል፣ ባላችሁበት ቁሙና ወደ ኋላ ተመለሱ። እንቁላል ወይም ጫጩት ያለበትን ጎጆ ለማሳየት ሣሩን ገለጥ ማድረግ ጎጆውን ለአዳኝና ለፀሐይ ማጋለጥ ነው፤ አታድርጉት። ድሮን ከሚያርፉበት ቦታ በላይ አታስነሱ። ብርቅ የሆነ እንስሳ ወይም ተክል ያለበትን ፎቶ ስታወጡ የጂፒኤሱን መረጃ ከፋይሉ አጥፉ፤ ከበስተጀርባው የሚታወቅ ተራራ ካለ ግን ቁጥሩን ማጥፋቱ ብቻ አይበቃም፣ ክፈፉን አጥብቡ።

ቋሚ_ነጥብ

መዝገቡን ላክልበት፤ ብዙ ሥራ የሚሞተው እዚህ ነው። ከመነሳታችሁ በፊት የካሜራውን ሰዓት አስተካክሉ። የፋይሉ ስም በቁጥር ብቻ ይሁን፦ 03-20251114-0930-145፣ ማለት ነጥብ 3፣ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ አቅጣጫው በዲግሪ። እንዲህ ከሆነ ማንኛውም ኮምፒውተር በነጥብና በቀን ይደረድረዋል። የመጀመሪያው ሮው አይነካ፤ የምትሠሩት በቅጂው ላይ ነው። ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከሌሎቹ ርቆ በሌላ ቤት። በዓመት አንዴ ፋይሎቹ መከፈታቸውን አረጋግጡ፤ ሳይከፈት ዓመታት የቆየ ሃርድ ዲስክ ሲሰካ ላይነሳ ይችላል። ከፋይሎቹ ጋር የነጥቡ ወረቀት ይቀመጥ፦ ወደ ምስክሮቹ ያሉት ሦስት ርቀቶች፣ የሌንሱ ከፍታ፣ ሌንሱ፣ የፎከሱ ርቀት፣ ነጥቡ ላይ የቆመው ትራይፖድ ራሱ የተነሳበት አንድ ፎቶ።

በመጨረሻ ያልጠየቃችሁት ግን መምጣቱ የማይቀር ነገር አለ። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ዓመት ቁጥቋጦ አድጎ ፊታችሁን ይጋርደዋል። አትቁረጡት፣ ቅርንጫፉንም አታስሩት። የተጋረደውን ፎቶ እንደነበረው አንሱ፤ ያ ቁጥቋጦ ለውጡ ራሱ ነው። ከዚያ 3 ወይም 4 ሜትር ወደ ጎን ሁለተኛ ነጥብ ትከሉና የመጀመሪያውን ዙር ከሁለቱም ነጥቦች በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት አንሱ። አሮጌው ተከታታይ ከአዲሱ የሚያያዘው በዚያ ቀን ፎቶዎች ነው። አዲሱ ነጥብ የራሱ ቁጥር ይሰጠው እንጂ የአሮጌውን አይውሰድ።